የልቤ መጽሐፍ ደራሲ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ባለፈው ዓመት በአንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ተማሪዎቼ የሚያውቋቸውን ኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በወረቀት ላይ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ስመለከት ደስ አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ከበደ ሚካኤል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በዓሉ ግርማ፤ ገዳሪፍ ተወልደው ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ይህን ያህል ስም መቁጠራቸው ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንዲትም የሴት ስም አልነበረችም። ከክፍሉ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

ይህንን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ፣ በድሮ ጊዜ የሚጽፉ ሴቶች አልነበሩም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበሩ ብዬ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስም ጠራሁላት። ደወሉ ተደወለና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንድ ስም መጥራት መልስ አይሆንም። ሰውየዋ ማን ነበሩ? ከየት መጡ? ምን አዩ? ምን ጻፉ? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ለተማሪዬ ያጎደልኩትን መሙያ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመናገሻ አውራጃ ተወለዱ። ዘመኑ የልጅ ኢያሱ ነበር። በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ ሮም ላይ ከታተመ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ገና አልተጻፈም። ለሴቶች ልጆች የሚሆን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደግሞ ከጥቂት የሚሲዮን ቤቶች በስተቀር አልነበረም። በዚያ ዘመን የተወለደች ሴት ልጅ ወደፊት መጽሐፍ ታሳትማለች፣ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች፣ በምክር ቤት ወንበር ትቀመጣለች ብሎ የሚገምት ሰው አይገኝም ነበር።

ልጅቱ ግን የተወለዱት ከከንቲባ ገብሩ ደስታና ከወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ቤት ነው። ስለ አባታቸው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የልጅየዋ መንገድ ከአባታቸው መንገድ ይጀምራልና። ከንቲባ ገብሩ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተወለዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ጋር ተገናኝተው፣ በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ ተምረው፣ የውጭ ቋንቋ ካወቁት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ የመጣላቸው በአፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከተማ ሹም በመሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የገዳሪፍ ሰዎች ጆሮ ቀና ማለት አለበት። ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ አድርጎ ገላባትና መተማ የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን የመጣንበት መንገድ ነው። በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር በዚሁ አቅጣጫ ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። ከንቲባ ገብሩ የተሾሙባት ጎንደር እንግዲህ አብያተ ክርስቲያናቷ የተቃጠሉባት፣ ሕዝቧ የተበተነባት፣ ከጦርነት በኋላ ቀስ በቀስ ለመነሳት የምትጥር ከተማ ነበረች። አገር ሲፈርስና ሲሠራ ያዩ አባት፣ ልጆቻቸውን ወንድ ሴት ሳይሉ ማስተማራቸው ከዚህ ሁሉ ልምድ የመጣ ይመስለኛል።

በ1921 ዓ.ም. ገደማ ስንዱ የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ ከታናሽ እህታቸው ከየውብዳር ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። የውብዳር ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ይህች የውብዳር በኋላ መነኩሳ፣ ዓለም በፒያኖዋ ያወቃት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናት። ጉዞው በዛሬ ዓይን የሚታይ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ አውሮፓ መሄድ ማለት በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በስዌዝ አልፎ መሄድ ማለት ነው። እናት ቤት የቀረች፣ ቋንቋው የማይታወቅ፣ ብርዱ የማይቻል አገር ውስጥ ሁለት እህትማማቾች በአዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ።

ከተማሪዎቻችን መካከል ይህንን ማንም ሳያስረዳቸው የሚያውቁት አሉ። በውጭ በዐረብኛ፣ በቤት በአማርኛ፣ በክፍል ውስጥ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ የሚኖር ልጅ፣ የአፍ መፍቻውን እየረሳው እንደሆነ የሚሰማው ቀን አለ። በደብተሩ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የጻፈ እጅ ሌላ ደብተር አውጥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ሀ ሁ ሂ ሲጽፍ ይደናገራል። ስንዱ በስዊዘርላንድ የኖሩት ልጅ ከልጅነት ወደ ወጣትነት በሚያልፍበት፣ ቋንቋ በአንጎል ውስጥ ሥር በሚሰድበት ዕድሜ ነበር። ፈረንሳይኛን በሚገባ ተማሩ፤ ሥነ ጽሑፉንም ወደዱት። ሆኖም በኋላ ብዕር ሲያነሱ ልባቸውን የጻፉት በአማርኛ ነው። የተማሩት የባዕድ ቋንቋ የራሳቸውን አላስጣላቸውም፤ እንዲያውም በሌላው ቋንቋ ያዩትን ውበት በራሳቸው ለመሥራት ያነሳሳቸው ይመስላል።

ወደ አገራቸው የተመለሱት ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1925 እና በ1926 ዓ.ም. መካከል ነው። ገና 18 ዓመት አልሞላቸውም። አዲስ አበባ ላይ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ጸጥ ያለ ኑሮ ግን ከሁለት ዓመት ብዙም አልዘለለም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው እንደየአቅሙ መንገዱን መረጠ። አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ገባ፣ አንዳንዱ ጫካ ወረደ። ወጣቷ ስንዱ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄዱ። በወለጋ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ተሰባስበው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር መሥርተው ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በዚያው በምዕራቡ ክፍል ሆነው ትግሉን ይመሩ ነበር። ስንዱ ከእነዚህ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ቁስለኞችን በመርዳት አገለገሉ። በስዊዘርላንድ ግጥም ያነበቡ እጆች ቁስል ማጠብና ጨርቅ ማሰር ተማሩ።

ትግሉ ግን ስንቅም ጥይትም ያነሰው ነበር። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ተያዙ፤ ከተያዙትም ብዙዎቹ ተገደሉ።

ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ፋሺስቶቹም ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ በጥይት፣ በእሳትና በአካፋ ፈጁት፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር የሞቱት 30 ሺህ ናቸው። የተማሩ ሰዎች በተለይ ተለቅመው ተገደሉ። ሁለቱ ቦምብ ወርዋሪዎች ከአዲስ አበባ አምልጠው ወደ እኛ ወደዚህ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲሞክሩ፣ ድንበሩ አጠገብ ሳሉ ተገደሉ። ዛሬ በመተማ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከእነዚያ ወጣቶች ያልተጨረሰ መንገድ ብዙም ሳይርቅ እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት።

ከዚያ እልቂት በኋላ ጣሊያኖች መሳፍንቱን፣ መኳንንቱንና የተማሩትን ከነቤተሰባቸው እየሰበሰቡ ወደ ጣሊያን አጋዙ። ከንቲባ ገብሩም በዚያን ጊዜ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ተጋዙ። ስንዱና የውብዳርም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። የተወሰዱት ከሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ወዳለችው አዚናራ ወደምትባል ደሴት ነው። አዚናራ ከዚያ በፊትም የእስረኛና የበሽተኛ ማቆያ ነበረች፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የኦስትሪያ ምርኮኞች በረሃብና በበሽታ ያለቁባት ቦታ ናት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከነልጆቻቸው በዚያች ደሴት ታስረው ነበር፤ አገራቸውን ሳያዩም በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጣሊያን አገር ሞቱ። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብ በኋላ በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተዛወረ።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። የ21 ዓመት ወጣት ናቸው። በ13 ዓመታቸው ለትምህርት ባሕር ተሻግረዋል፤ አሁን ደግሞ ታስረው ባሕር ተሻገሩ። ያው አውሮፓ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ መጽሐፍ የሰጣቸው፣ በሁለተኛው ጉዞ ዘብ ያቆመባቸው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የተማረውን ሁሉ ጠልቶ ይጥለዋል፣ ወይ በተማረው ተጠቅሞ ያየውን ይመሰክራል። ወይዘሮ ስንዱ ሁለተኛውን መረጡ።

ከግዞት የተመለሱት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ነፃነትም ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ የመጣውም በእኛ በር በኩል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ወደ ካርቱም መጥተው ከቆዩ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ በምትባል የድንበር ቦታ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተክለው ወደ ጎጃም ገቡ። ከዚያ በፊት ባለው ክረምት የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ከሱዳን ተነስቶ ወደ ጎጃም አርበኞች ገብቶ ነበር፤ በጥቅምት መጨረሻም ገላባትና መተማ ላይ ከባድ ጦርነት ተደርጓል። የሱዳን ወታደሮችና በሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች በዚያ ዘመቻ ተሳትፈዋል፤ ከግመሎቹ የተመለሱት በጣም ጥቂት ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

አገሪቱ ነፃ ወጣች፤ ነገር ግን አስተማሪ አልነበራትም። ወጣቶቿ ተፈጅተዋል፤ ትምህርት ቤቶቿ ተዘግተው ወይም ሰፈር ሆነው ቆይተዋል። ወይዘሮ ስንዱ ወደ ማስተማር ተመለሱ። በደሴ በትምህርት ሥራ ከቆዩ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆኑ። እቴጌ መነን ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ሲሆን፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሴቶች ልጆች በአዳሪነት ይማሩበት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ስሙ የካቲት 12 ተብሎ ነበር። የዚያን ቀን ግፍ በብዕራቸው የመሰከሩት ሴት ያስተማሩበት ቤት በዚያው ቀን ስም መጠራቱ የሚገርም መገጣጠም ነው።

እንግዲህ ወደ ጽሑፋቸው እንምጣ።

በዚያ ዘመን ቴአትር በኢትዮጵያ ወጣት ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ከጻፉ በኋላ ብዙ ዓመት አላለፈም። ሴት ልጅ በመድረክ ላይ መታየቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የሴቶችን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ነበሩ፤ ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ወይዘሮ ስንዱ ግን የሚያስተምሩት በሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ለተማሪዎቻቸው የሚታዩ ቴአትሮችን መጻፍ ጀመሩ። በዚያ ቤት ተዋንያኑ ሴቶች ልጆች፣ ጸሐፊዋም ሴት፣ አዛዥዋም ሴት ነበሩ። የትምህርት ቤት ቴአትር ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። አንዲት ልጅ የሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር የምትማረው በዚህ ነው።

በ1942 ዓ.ም. ግጥሞቻቸውንና ቴአትሮቻቸውን አሰባስበው የልቤ መጽሐፍ በሚል ርእስ አሳተሙ። በዘመኑ መጽሐፍ ያሳተመች ኢትዮጵያዊት ሴት በጣት የምትቆጠር እንኳ አልነበረችም፤ ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ወይዘሮ ስንዱን ከዘመናዊ ኢትዮጵያውያት ደራስያን ፊተኛዋ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ የወረራው ዘመን ነው፤ የካቲት ላይ የፈሰሰው ደም፣ የአርበኛው መከራ፣ የአገር ፍቅር። በዚያን ጊዜ ስለ ጦርነቱ የሚጽፉት ብዙዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ የሚጽፉትም ስለ ጦር ሜዳ ጀግንነት ነው። እሳቸው ግን ቁስለኛ ያጠቡ፣ በግዞት የቆዩ፣ ሽማግሌ አባታቸው ሲጋዙ ያዩ ሰው ናቸው። ያዩትን ያውቃሉ።

ርእሱን ልብ በሉት። የታሪክ መጽሐፍ አላሉትም፣ የጀግኖች መጽሐፍም አላሉትም። የልቤ መጽሐፍ ነው ያሉት። አንዲት ሴት በልቧ ያለው ነገር በአደባባይ ታትሞ ሊነበብ የሚገባው ነው ብላ ማመኗ ለዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም። በእኛ ባህል ሴቶች ያዜማሉ፣ ያንጎራጉራሉ፣ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ልጅ ሲያባብሉ ይገጥማሉ። ግጥሙ ከአፋቸው ይወጣና አየር ላይ ይቀራል፤ ደራሲው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ወይዘሮ ስንዱ ያደረጉት አዲስ ነገር ሴት መግጠሟ ሳይሆን፣ ገጥማ ስሟን መፈረሟ ነው።

መጻፍ ብቻ ግን አልበቃቸውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ የምክር ቤት እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ፣ ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። በ1952 ዓ.ም. ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ውርስ የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው እሳቸው በዚያ ምክር ቤት ሳሉ ነው። በወንዶች በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሴቶች መብት ድምፃቸውን ካሰሙት ሰዎች መካከል ስማቸው ይነሳል። በመድረክ ላይ ሴት ልጅ ትናገር ያሉ መምህርት፣ በተራቸው በትልቁ መድረክ ላይ ቆመው ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። በደርግ ዘመን ስንት ወጣት በሌሊት በእግሩ ተጉዞ መተማን አልፎ ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ እንደመጣ ከእናንተ መካከል አባቱን ወይም አያቱን የጠየቀ ያውቃል። ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው፤ የንግሥት ዘውዲቱን፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴን፣ የጣሊያንን፣ የደርግንና የኢሕአዴግን ዘመን አይተው፣ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ። አብራቸው ወደ ስዊዘርላንድ የሄደችው፣ አብራቸው በአዚናራ የታሰረችው ታናሽ እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ደግሞ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሴቶች፤ አንዷ በቃል፣ አንዷ በዜማ፣ ያዩትን ትተውልን ሄዱ።

የወይዘሮ ስንዱን ታሪክ እዚህ ላይ ጨርሼ ብተወው ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ልጆች ይዛ፣ እኔን ደግሞ በእጇ እየጎተተች፣ በመተማ በኩል ወጣች። በገዳሪፍ ገበያ ዳር ከአንዲት ራኩባ ሥር ሻይና ቡና እየሸጠች አስተማረችን። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥም ግን እንደ ውኃ ይፈስላት ነበር። በማታ ከሰሉን አጥፍታ፣ ብርጭቆዎቿን አጥባ ስትጨርስ ስለ መንገዱ፣ ስለቀሩት ሰዎች፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከአገር ስለሚመጡት ወጣቶች ትገጥም ነበር። መምህር ከሆንኩ በኋላ ደብተር እንድይዝና ቃሏን እንድጽፍላት ስንት ጊዜ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ዘንድሮ ፈተና አለብኝ፣ ኸሪፉ ይለፍ፣ ልጆቹ ይረፉ እያልኩ አሳለፍኩት። አንድ ቀን ታመመች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፈች። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ግጥም ሁለት ስንኝ እንኳ ሙሉ አድርጌ አላስታውስም። ጣቶቼ መጻፍ ያውቃሉ፤ የሚጻፈው ግን ከአፈር በታች ነው።

የወይዘሮ ስንዱን መጽሐፍ ባሰብኩ ቁጥር አክስቴ ትመጣብኛለች። ሁለቱም ስደት አይተዋል፣ ሁለቱም ጦርነት አይተዋል፣ ሁለቱም ግጥም ይወዱ ነበር። አንዷ መጻፍ ስለተማሩ ስማቸው ከ70 ዓመት በኋላም በእኛ ክፍል ውስጥ ተጠራ። ሌላዋ ግን የሚጽፍላት ሰው በቤቷ እያለ ቀረች። ልዩነቱ የጭንቅላት ወይም የልብ አይደለም። ልዩነቱ አንድ አባት ሴት ልጁን ለማስተማር መወሰኑ፣ አንድ የወንድም ልጅ ደግሞ ነገ እጽፋለሁ ማለቱ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ስንት ቤተሰብ ወደ ገዳሪፍ እንደመጣ ሁላችንም አይተናል። ከእነሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሰው በጥድፊያ ሲወጣ ልጁን፣ ትንሽ ገንዘቡን፣ መታወቂያውን ይይዛል። ፎቶግራፍ ይቀራል፣ ደብዳቤ ይቀራል፣ ሽማግሌዎቹ በየመንገዱ ይቀራሉ። እንደኛ ያለ ሕዝብ ታሪኩ በሰው አፍ ብቻ ከተቀመጠ፣ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ተማሪዎቼ እመለሳለሁ፤ በተለይም ወደ ሴቶቹ። ከእናንተ መካከል ከስምንተኛ ክፍል በኋላ እናትን ለማገዝ ወደ ሻይ ቤት ለመግባት የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማገዝ ክብር ነው፤ አክስቴም በዚያ ሥራ ነው ያሳደገችን። ደብተራችሁን ግን ከከሰሉ ጋር አብራችሁ አታቃጥሉት። ወላጆችም አስቡበት። ከንቲባ ገብሩ ሴት ልጅ ተምራ የትም አትደርስም ብለው ቢሆን ኖሮ የልቤ መጽሐፍ የሚባል መጽሐፍ አይኖርም፤ በዚያ ምክር ቤት የተቀመጠችው የመጀመሪያዋ ሴትም ሌላ ሴት ትሆን ነበር፣ ምናልባትም ብዙ ዘግይታ።

ለክረምቱ ዕረፍት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ አንድ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካሉት ሴቶች በዕድሜ የገፉትን አንዷን ምረጡ። እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ወይም ሁላችሁም እማማ የምትሏት ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጡና ከየት እንደመጣች፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ፣ ምን ትታ እንደወጣች ጠይቋት። የምትለውን እንደምትለው ጻፉ፤ አታሳምሩት። ግጥም ካለች ስንኙን ሳትቀንሱ ጻፉ። ስሟን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ከላይ አድርጉ። መስከረም ላይ ስንገናኝ ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ ከዚያም በትምህርት ቤታችን እናስቀምጠዋለን።

ያን ቀን የጠየቀችኝ ተማሪ ይህን ታነብ ይሆናል። መልሴ ይኸው። የሚጽፉ ሴቶች ነበሩ። የሚጻፍላቸው ያጡ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበዙ ነበር። የእነዚህኛዎቹ ቁጥር እንዳይጨምር ማድረግ የአንቺም የእኔም ሥራ ነው። የወይዘሮ ስንዱን ነፍስ ይማር፤ የአክስቴንም። ለእናንተም መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።